ግራ ታች፦ የአንዲት ሽጉጥ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

የሽጉጥ ፈቃዱ ወጥቶልኝ ሳጥኑን ዛሬ ተረከብኩ። ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት ግን ደብተር ገዛሁ። በፊት በነበረችኝ ሽጉጥ አራት ነገር በአንድ ቀን ቀይሬ፣ የትኛው እንደጠቀመኝ የትኛው እንደጎዳኝ ሳላውቅ ነው የሸጥኳት። አሁን ሁሉም በየተራው፣ እየተጻፈ ይሠራል ብያለሁ። (ይህን ቃሌን ስንት ቀን እንደጠበቅኩት ወረድ ብላችሁ ታያላችሁ።)

ሙሉ ብረት ናት፤ 9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው የምትጎርሰው። መዶሻዋ፣ ማለትም ወድቆ ጥይቱን የሚያስነሳው ብረት፣ ከኋላ በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያዋ ጥይት ረጅምና ከባድ የምላጭ ስበት ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ስላይዱ ራሱ መዶሻውን ስለሚወጥረው ምላጩ አጭርና ቀላል ይሆናል። ንድፏ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ብቅ ያለችው የሲዜድ 75 ዘር ናት። ያቺን የነደፉት ዮሴፍና ፍራንቲሼክ ኮውትስኪ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው።

ስላይድ የምለው ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰውን የላይኛውን ብረት ነው። በአብዛኞቹ ሽጉጦች ስላይዱ የታችኛውን አካል ከውጭ አቅፎ ይሮጣል። በዚህች ግን ከአካሉ ውስጥ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ለጣት የሚተርፈው ብረት ቀጭን ነው። እጃችሁን ትንሽ ካላበው ስላይዱን ለመሳብ ትታገላላችሁ። በምትኩ ሽጉጧ እጅ ውስጥ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ርግጫዋም አፈሙዙን ብዙ አያነሳውም። ለዚህ ብዬ ነው የመረጥኳት።

ካዝናውን አወጣሁ። ስላይዱን ሳብኩና የጥይት ማደሪያውን በዓይኔም በትንሿ ጣቴም አየሁ። ከታሸገ ሳጥን ወጥታ ለምን ይህን ሁሉ ትላላችሁ? ዛሬ የዘለልኩት ነገ መዝለሌ ስለማይቀር ነው።

ከዚያ ፈታኋት። በግራ ጎኗ፣ ከኋላ በኩል፣ አንዱ ስላይዱ ላይ አንዱ አካሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረቶች አሉ። ስላይዱን በጥቂቱ ወደ ኋላ ስቦ ጭረቶቹን ማጋጠም ነው። እንደተገጣጠሙ ይዞ፣ በቀኝ ጎን ብቅ ያለችውን የፒን ጫፍ ሲገፉ የስላይድ ማቆሚያው በግራ ይወጣል። በጣት ይገፋል ይባላል። አውራ ጣቴ እስኪቀላ ገፋሁ፤ ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ የባዶውን ካዝና የፕላስቲክ መቀመጫ ይዤ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጌ ነካ ነካ ሳደርጋት ብቅ አለች።

ውስጡ ዘይት ሳይሆን ማር ነው የሚመስለው። ይህ ብረቱ መጋዘን ውስጥ እንዳይዝግ የሚቀባ እንጂ ለተኩስ የሚሆን አይደለም። ጠራርጌ ስላይዱ የሚሮጥባቸው መስመሮች ላይ ስስ ዘይት አደረግኩ።

ማታ የምላጩን ክብደት ለካሁ። መሣሪያው የሻንጣ ሚዛን ነው። መንጠቆውን ምላጩ መሃል ላይ አስገብቶ መዶሻው እስኪወድቅ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድ። ረጅሙ ስበት 4.8 ኪሎ፣ አጭሩ 2.2 ኪሎ። አጭሩ ላይ መጨረሻው አካባቢ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር አለ።

ቀን 4

የመጀመሪያው የተኩስ ሜዳ ቀን። ምንም ሳልቀይር፣ ከፋብሪካ እንደወጣች።

ጆሮዬን ደርቤ ሸፈንኩ፤ ከውስጥ ስፖንጅ፣ ከላይ ትልቁ መከላከያ። የዚህ ጥይት ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። መነጽር ያለመነጋገር ነው።

ጥይቱ 124 ግሬን ነው። ይህ ቁጥር የአረሩ ክብደት ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ስለሆነ አረሩ 8 ግራም ያህል ይመዝናል። ጥይቱ ራሱ ሽማግሌ ነው። ጆርጅ ሉገር እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ንድፍ እስከ ዛሬ ይተኮሳል። ፓራቤለም የሚለው ቅጥያውም “ሰላም ከፈለግህ ለጦርነት ተዘጋጅ” ከሚለው የላቲን አባባል የተቆረጠ ነው።

በ7 ሜትር 40 ጥይት ተኮስኩ። ቀዳዳዎቹ በጭብጥ የሚሸፈኑ ናቸው። ደስ አለኝ።

ወረቀቱን ወደ 15 ሜትር ላክሁት። ደስታው እዚያው ቀረ። አሥሩም ምት ግራ ታች ተከማችቷል። የስብስቡ መሃል ከኢላማው መሃል 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። ሦስተኛ ወረቀት፤ ያው። ምቶቹ ተበታትነው ቢሆን እኔን እጠረጥር ነበር። አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን ማነጣጠሪያው ነው የተዛባው አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ዛሬ ሳየው ያሳፍረኛል።

ሌላም ነገር ነበር። ካዝናው ሲያልቅ ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ መቆም አለበት፤ ማለቁን የምናውቀው በዚያ ነው። የእኔዋ ግን ዝም ብላ ትዘጋለች። ጥይት ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ምላጭ ስቤ “ቀጭ” ብቻ አለች። ሁለተኛው ቀጭታ ላይ አፈሙዟ ወደ ታች ጎንበስ ያለች መሰለኝ። ልብ አላልኩትም።

ያለመቆሟ ምክንያት ወዲያው ተገኘ። የቀኝ አውራ ጣቴ የስላይድ ማቆሚያው ላይ ተኝቶ ወደ ታች ይጫነዋል። አውራ ጣቴን ከግራ እጄ አውራ ጣት በላይ አንሥቼ ስይዝ ችግሩ ጠፋ። አንድ ጥፋት የሽጉጧ ሳይሆን የእኔ ሆኖ ሲገኝ፣ ሌላውንም መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።

100 ጥይት ተኩሼ አንዲትም አልተቀረቀረችም። ቤት ገብቼ መጀመሪያ እጄን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠብኩ። የጥይት ማቀጣጠያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ውህድ ስላለ ሳይታጠቡ ምግብ መንካት የለም።

ስፈታት ባረሉ ላይ አዲስ የሚያብለጨልጭ መስመር አገኘሁ። ባረል ማለት አረሩ የሚወጣበት ቱቦ ነው። ሲተኮስ ባረሉና ስላይዱ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ የባረሉ ጅራት ዝቅ ይልና ይላቀቃሉ። የጆን ብራውኒንግ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ በዚሁ ነው የሚሠራው። መስመሩ ሁለቱ ብረቶች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ተዋወቁ ማለት ነው።

ቀን 5

ዕቃ አዘዝኩ። ስስ የአሉሚኒየም መያዣ፣ ፋይበር ኦፕቲክ ያለው የፊት ማነጣጠሪያ፣ ቀለል ያለ የመዶሻ ሞላ።

የስላይዱን ሞላ ግን አልነካም። ሞላው በጣም ከላላ ስላይዱ በየተኩሱ አካሉን እየደበደበ ይመለሳል። በጣም ከጠነከረ ደግሞ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ይቀረቀራል። 100 ጥይት ያለ እንከን የተኮሰን ሞላ መቀየር ራስ ሳያም መድኃኒት መዋጥ ነው።

ቀን 9

ዕቃው ደረሰ። በየተራ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ሞተ። በአንድ ምሽት ሁሉንም ገጠምኩ።

መያዣው ቀላል ነው፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ብሎን፣ ትንሿ ብሩጎላ፣ አምስት ደቂቃ። ምላጩ አሁን ጣቴ አቅራቢያ መጣ።

የፊት ማነጣጠሪያው ሌላ ነገር ነው። አሮጌውን የያዘችው ፒን ከክብሪት እንጨት ትቀጥናለች። ስላይዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩ። በቀጭን መምቻ ሦስት ጊዜ ነካሁ፤ ምንም። አራተኛውን ጠንከር ሳደርገው ፒኗ ተፈናጥራ ሄደች። መሬት ላይ በጉልበቴ ሄጄ፣ በባትሪ ብርሃን፣ በማግኔት ፈለግኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተገኘችው ተጠቅልሎ ከወጣው የሱሪዬ ጫፍ ውስጥ ነው።

አዲሱ ማነጣጠሪያ መሃሉ ተበስቶ ቀይ የፋይበር ክር ያልፍበታል። ክሩ ከጎን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ጫፉ ላይ እንደ ፍም ያበራል። የሚታሰረው በማቅለጥ ነው። ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥ፣ ላይተር ማስጠጋት፣ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ሲያብጥ ቶሎ ማራቅ። እሳቱ ክሩን መንካት የለበትም፤ ሙቀቱ ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያውን አስነካሁት። ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ ተንጠባጠበ። ሁለተኛውን ላይተሩን ከጎን አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ አቀረብኩ። ጫፉ መጀመሪያ ደበዘዘ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነፍቶ ክብ ሆነ። ሌላኛውንም ጫፍ እንዲሁ። ጥፍሬን አስደግፌ ስገፋው አይነቃነቅም።

ከዚያ የኋላውን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ የኋላው ማነጣጠሪያ ምቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ይገፋል፤ የፊቱ ተቃራኒውን። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በስለታም እርሳስ አሰመርኩ። (ከምሽቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህንን ብቻ ነው።) በነሐስ መምቻ ቀስ በቀስ እየመታሁ በካሊፐር ለካሁ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ ስላይዱን አይጭርም።

በመጨረሻ የመዶሻው ሞላ። ሽጉጧን መልሼ ገጥሜ ባዶነቷን አይቼ ሚዛኑን አወጣሁ። ረጅሙ ስበት ከ4.8 ወደ 3.7 ኪሎ፣ አጭሩ ከ2.2 ወደ 1.7 ወርዷል። ቅቤ! ባዶዋን እየሳብኩ ብቻዬን ፈገግ ስል አመሸሁ።

ቀን 11

ሜዳ። ዛሬ የተጻፈው ሁሉ ኪሳራ ነው።

የመጀመሪያዋ ካዝና፣ የመጀመሪያዋ ጥይት። ምላጩን ሳብኩ፤ ቀጭ። ከሸፈች። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግኩ 30 ሰከንድ ቆጠርኩ፤ ዘግይታ የምትቀጣጠል ጥይት አለችና ቶሎ አውጥቶ ማየት አደጋ ነው። ከዚያ አወጣኋት። ማቀጣጠያዋ ላይ መምቻ መርፌው ያሳረፈው ጉድጓድ ጥልቀት የለውም፤ ጥፍር የነካው ሳሙና ይመስላል። ከመሬት የተተኮሰ ቀለህ አንሥቼ አጠገቧ ያዝኩ። የዚያኛው ስርጉድ ያለ ነው። በ30 ጥይት ውስጥ ሦስት ከሸፉ፤ ሁለቱ ረጅሙ ስበት ላይ።

ምቱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ተደሰትኩ። ግራው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ታቹ ግን አሁንም 7 ነው። እሱን የፊቱን ማነጣጠሪያ ሞርጄ አስተካክለዋለሁ ብዬ ማስላት ጀምሬ ነበር።

ሜዳው ላይ ተኩሱን የሚያስተባብሩ አንድ አዛውንት አሉ። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

“እስቲ ልሞክራት” አሉኝ።

ባዶ አድርጌ፣ ስላይዱን ከፍቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። አምስት ጥይት ሞሉ። አተኳኮሳቸው የሚያናድድ ዝግታ አለው። ወረቀቱ ሲመጣ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ ይሸፈናል። ያለው ግን ከመሃሉ በስተቀኝ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ወደ ታች የወረደው ደግሞ 2 ብቻ።

“የኋላውን ማነጣጠሪያ ማን ነው የገፋው?”

“እኔ ነኝ ጋሼ።”

“ለምን?”

“ግራ ትመታለች።”

“እሷ ናት የምትመታው?”

መልስ አጣሁ። በጭንቅላቴ ግን ሒሳቡ ራሱ ሮጠ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 160 ሚሊ ሜትር አለ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለ160 ሲካፈል፣ በ15 ሜትር ሲባዛ፣ 47 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእሳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ማለት እኔ የገፋሁት ልክ ነው። መጀመሪያውኑ ወደ ጎን ምንም ችግር አልነበረባትም።

“ካዝናውን ስጠኝ፤ ዞር በል” አሉ። ዞርኩ። ከጥይቶቹ መሃል ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ቀላቀሉ። ስንት እንደሆኑ፣ ስንተኛ ላይ እንደሆኑ አላውቅም።

ሁለቱ ተተኮሱ። ሦስተኛዋ ላይ ምላጩን ስስብ ቀጭ፤ አፈሙዟም አንገቷን ደፍታ ወደ ግራ ታች ወረደች። ርግጫ የለ፣ ድምፅ የለ። ብቻዋን ሰገደች። ርግጫው ሳይመጣ እጄ ቀድሞ ሊያፍነው ይገፋታል ማለት ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ሲደነግጥ ምቱ የሚሄደው እዚያው ነው፤ ግራ ታች። ቀን 4 ላይ ያየኋት ጎንበስ ማለት ትዝ አለችኝ።

አዛውንቱ ምንም አላሉም። ካዝናውን እንደገና ሊሞሉ እጃቸውን ዘረጉ።

ቀን 12

የማፍረስ ቀን። የፋብሪካው የመዶሻ ሞላ ተመለሰ። የኋላው ማነጣጠሪያም ወደ እርሳሱ መስመር ተመለሰ። ያቺ መስመር ባትኖር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ሞላውን እንዳልወቅሰው። ጥይት የሚቀጣጠለው ማቀጣጠያው በበቂ ኃይል ሲመታ ነው። የአንዱ ጥይት ማቀጣጠያ ስስ ነው፣ የሌላው ወፍራም፤ ለወታደር የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው። ስሱን ብቻ የሚተኩስ ተወዳዳሪ በቀላል ሞላ ይጠቀማል። እኔ ግን ያገኘሁትን ጥይት ነው የምተኩሰው። ምላጩ ላይ ግማሽ ኪሎ ለማትረፍ በየ10 ጥይቱ አንድ መክሸፍ ሒሳብ አይደለም።

መያዣውና ቀዩ ማነጣጠሪያ ቀርተዋል። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ።

ቀን 13 እስከ 27

በየምሽቱ አሥር ደቂቃ ያለ ጥይት። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። ካዝናው ባዶ፣ ማደሪያው ባዶ፤ ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ወፍራም ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጥቁር ነጥብ ላይ አልማለሁ።

ስላይዱ ጫፍ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ፣ ሳንቲም አስቀምጣለሁ። ምላጩን ስቤ ሳንቲሙ ካልወደቀ አንድ ተቆጠረ። የመጀመሪያው ምሽት ከ20 ውስጥ 6። አምስተኛው ምሽት 11። ዘጠነኛው ምሽት 9፤ ደክሞኝ ነበር። በመጨረሻው ምሽት 17። አሰልቺ ነው፤ ሌላ ምንም የሚጻፍ የለውም። ሚዛኑ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። አጭሩ ስበት ሳልነካው ከ2.2 ወደ 2.0 ወርዷል፤ ያ አሸዋም ጠፍቷል። ብረቱ በብረት ላይ እየተመላለሰ ራሱን ለሰለሰ።

ቀን 28

አሁን የሽጉጧን ድርሻ ከእኔ ድርሻ ለመለየት። ጠረጴዛ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ 15 ሜትር። ሁለቱ ክንዶቼ ከረጢቱ ላይ አርፈዋል። ሽጉጧ ራሷ ግን ከረጢቱን እንድትነካ አልፈቀድኩም፤ ከነካች እየነጠረች ምቱን ትቀይራለች። ሦስት ዓይነት የአረር ክብደት፣ ከእያንዳንዱ 10።

115 ግሬን፣ 7.5 ግራም፤ ከመሃሉ 3.5 ሴንቲ ሜትር ታች። 124፤ 2 ሴንቲ ሜትር ታች፣ ልክ እንደ አዛውንቱ። 147፣ 9.5 ግራም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ታች። ወደ ጎን ሦስቱም መሃል ናቸው።

ከባዱ አረር ከቀላሉ ከፍ ብሎ መምታቱ ለጀማሪ ግራ ነው፤ ከባድ ነገር ይወድቃል እንጂ ይወጣል እንዴ? ጉዳዩ ባረሉ ውስጥ ነው ያለው። ከባዱ አረር ዝግተኛ ነው፤ ባረሉ ውስጥ ይቆያል። እሱ ሳይወጣ ርግጫው አፈሙዙን ማንሣት ጀምሯል። ስለዚህ ሲወጣ አፈሙዙ በጥቂቱ ቀና ብሏል። በ15 ሜትር ርቀት አረሩ በመሬት ስበት የሚወርደው ከዚህ ያነሰ ነው።

ያለኝ ክምችት 124 ስለሆነ ለእሱ ላስተካክል ወሰንኩ። 160 ሚሊ ሜትር በ20 ሲባዛ፣ ለ15,000 ሲካፈል፤ 0.21 ሚሊ ሜትር። የፊቱ ማነጣጠሪያ በዚህ ያህል ማጠር አለበት። ቀን 11 ላይ ላደርገው ባሰብኩት ሒሳብ ሞርጄ ቢሆን 0.75 እቆርጥ ነበር። ሞረድ የቆረጠውን አይመልስም።

ቀን 29

0.2 ሚሊ ሜትር ማለት ሁለት ተራ ወረቀት ማለት ነው። ስላይዱ ሞርሳው ላይ፣ ዙሪያው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ጠፍጣፋ ሞረድ። አንድ አቅጣጫ ብቻ፤ ወደ ፊት እገፋለሁ፣ አነሣለሁ፣ እመለሳለሁ። በየአምስት ምቱ ካሊፐር። 6.02፤ 5.97፤ 5.93። ቡናዬ በረደ። 5.88 ላይ ከግራ ከቀኝ ለካሁ፤ ቀኙ በፀጉር ያህል ዝቅ ብሏል። የግራውን ሁለት ጊዜ ነክቼ 5.83 ላይ አቆምኩ። የተራቆተውን ብረት በጥቁር ማርከር ቀባሁት። አይቆይም፤ ሲጠፋ እደግመዋለሁ። ፋይበሩ አልተነካም።

ቀን 32

150 ጥይት። 124 ግሬን።

ከረጢቱ ላይ አሥር፤ መሃል። እርግጠኛ ለመሆን ሌላ አሥር፤ መሃል። ከዚያ ጠረጴዛውን ገፍቼ ቆምኩ።

ቆሜ በ15 ሜትር የተኮስኳቸው አሥሩ ስፋታቸው 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአዛውንቱ የሻይ ብርጭቆ ጋር አይወዳደርም። መሃላቸው ግን የኢላማው መሃል ነው። ቀዩ ነጥብ ለዓይን ይይዛል፤ ፀሐይ ሲወጣ እንዲያውም በጣም ያበራና ዙሪያውን ያደበዝዛል። ሌላ ጊዜ ቀጭን ክር እሞክራለሁ።

አንድም ከሽፋ አልቀረችም። አንድም አልተቀረቀረም። ስላይዱ በየካዝናው መጨረሻ ይቆማል።

80ኛዋ አካባቢ አንድ የጋለ ቀለህ ተመልሶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ መዝለል ያምረዋል፤ ሽጉጥ ይዞ መዝለል ደግሞ የመጨረሻው ነውር ነው። አፈሙዙን ወደ ኢላማው፣ ጣቴን ከምላጩ ውጭ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ አኖርኳት። ከዚያ ዘለልኩ። አንገቴ ሥር የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ምልክት አለ። ከእንግዲህ ኮሌታዬን እቆልፋለሁ።

120ኛዋን ካለፍኩ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ለብቻቸው ወጡ። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ክንዴ ሲዝል አሮጌው አመል ይመለሳል። አዛውንቱ ወረቀቱን አይተው ጣታቸውን እነዚያ ሁለቱ ላይ አኖሩ፣ ከዚያ ወደ ሰዓታቸው። “ከዚህ በላይ ጥይት አታቃጥል” ማለታቸው ነው። ቀሪውን በ7 ሜትር ጨረስኩት።

ያልተፈታው ረጅሙ ስበት ነው። የየካዝናው የመጀመሪያ ጥይት፣ ከስምንት ካዝና በአምስቱ፣ ከሌሎቹ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ ትወጣለች። ሚዛኑ ላይ 4.6 ኪሎ ነው። ቀላሉ ሞላ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አይቼው ዘጋሁት። ከነገ ጀምሮ ሳንቲሙ በረጅሙ ስበት፣ 20 በምሽት።